ሕልምን የሚሰማው ሰው

እናቴ ካረፈች አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ በሕልሜ መጣች። የጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃለች፤ ቀኝ እጇን ዘርግታልኛለች፤ ቃል ግን አይወጣትም። ልቤ እየደለቀ ነቃሁ። ቤቱ ገና ከለቅሶ አልወጣም ነበርና ጠዋት ቡና ሲፈላ ለተሰበሰቡት ሴቶች ነገርኳቸው።

ጥያቄው ከግራ ከቀኝ መጣ። ነጭ ለብሳ ነበር? ፊቷ ፈክቶ ነበር ወይስ ጠቁሮ? ሰጠችሽ ወይስ ተቀበለችሽ? ነይ ብላሻለች? በእኛ ዘንድ ሟች በሕልም የሰጠ እንደሆነ በረከት ነው፤ የተቀበለ ወይም የጠራ እንደሆነ ግን ያስፈራል። እኔ ደግሞ የተዘረጋው እጅ ባዶ እንደ ነበር አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። አንዲት ጎረቤታችን ከንፈሯን መጠጠችና፣ «ልትወስድሽ ነው የመጣችው፤ ነገ ዛሬ ሳትዪ ጠበል ግቢ» አለችኝ። ክፋት የለባትም፤ ስለምትወደኝ ደንግጣ ነው። እኔ ግን እጅ እግሬ ቀዘቀዘ።

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ የእናቴ ታላቅ እህት ስኒዋን አስቀመጠች። «ተይ እንጂ! እናት ልጇን ልትወስድ አትመጣም። ጠምቷት ነው። እጇን የዘረጋችው ‹ስጡልኝ› ስትል ነው» አለች። በዚያው ቀን ዳቦ ተደፋ፤ ጠላም ተቀድቶ ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን ታደለ። ያን ሌሊት ያለ ስጋት ተኛሁ።

ሕልሙ አንድ ነበር፤ ፍቺው ሁለት። በመጀመሪያው ፍቺ የሞት ቀጠሮ ተሰጠኝ፤ በሁለተኛው ለእናቴ የማደርግላት ነገር አገኘሁ። ሕልሙ ራሱ አንዲት ነገር እንኳ አልተለወጠም። ስለ ሕልም ስንከራከር ዘወትር «እውነት ነው ወይስ ቅዠት?» እንባባላለን። እኔ ከዚያ ጠዋት ወዲህ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ሕልሙን የሰማው ሰው ምን አለ? ይህን ጥያቄ ይዤ ስለ ሕልም የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ሳይንሱም ቢሆን ባላሰብኩት መንገድ ወደዚያው ጥያቄ መለሰኝ።

የዘመኑ የሕልም ሳይንስ ልደት ቺካጎ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የእንቅልፍ ተመራማሪ በነበሩት በናታንየል ክላይትማን ሥር የሚማር ዩጂን አሰሪንስኪ የሚባል ተማሪ ነበር። ቤተሰብ ያለው፣ ኑሮ የከበደው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 መጨረሻ አካባቢ ከሕንፃው ምድር ቤት ተጥሎ የኖረ አሮጌ የአንጎል ሞገድ መመዝገቢያ መሣሪያ አውጥቶ ጠጋገነ፤ ከዚያም የስምንት ዓመት ልጁን አርመንድን አስተኝቶ በዓይኖቹ ዙሪያና በራሱ ላይ ሽቦዎችን ለጠፈ። እሱ በሌላ ክፍል ሆኖ በሚንሸራተተው ወረቀት ላይ የመሣሪያውን ብዕሮች ይከታተላል። ሌሊቱ ሲገፋ ብዕሮቹ በድንገት ወዲያና ወዲህ ይጋልቡ ጀመር፤ ልጁ ነቅቶ ዓይኑን የሚያንከራትት ይመስላል። አባት ገብቶ ሲያይ ልጁ ድብን አድርጎ ተኝቷል። አሰሪንስኪ መሣሪያው የተበላሸ መሰለው። እየደጋገመ ሞከረ። መሣሪያው ደህና ነበር፤ የተሳሳተው እንቅልፍ ማለት የአንጎል ዕረፍት ነው የሚለው የኖረ እምነት ነበር።

በ1953 ክላይትማንና አሰሪንስኪ ውጤቱን በአንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። የተኙ ሰዎችን ዓይናቸው በፍጥነት በሚንቀሳቀስበት ሰዓት ቀስቅሰው ሲጠይቋቸው፣ ከ27 ጊዜ በ20ው ሰዎቹ የተብራራ ሕልም ተናገሩ። ዓይን ጸጥ ባለበት ሰዓት 23 ጊዜ ሲጠይቁ ግን በ19ኙ የሚታወስ ነገር አልነበረም። ይህ ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት እንቅልፍ ዛሬ ሬም በሚል አጭር ስም ይታወቃል። በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ጎልማሳ ሰው ከሌሊት እንቅልፉ ሩብ ያህሉን ወይም ትንሽ ጎደል ያለውን በዚህ ያሳልፋል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ግማሹን። ሌሊቱ እየነጋ በሄደ መጠን ሬሙ እየረዘመ ይሄዳል። አክስቴ የማለዳ ሕልም ነው የሚደርሰው ትላለች። ይድረስ አይድረስ እኔ አልፈርድም፤ ረጅሙና ደማቁ ሕልም በማለዳ መሆኑን፣ ከመካከሉም ስለምንነቃ ከሌላው ይልቅ የምናስታውሰው እሱን መሆኑን ግን የቺካጎው ወረቀትና ተከታዮቹ መስክረውላታል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ወደ ፈረንሳይ ይሻገራል። ሊዮን ከተማ ውስጥ ሚሼል ዡቬ ድመቶችን ሲያጠና፣ በዚህ እንቅልፍ ጊዜ አንጎላቸው እንደ ነቃ ሲሠራ የአንገታቸው ጡንቻ ግን ጨርሶ ልል እንደሚሆን አየ። በ1959 «ተቃራኒያዊ እንቅልፍ» የሚል ስም ሰጠው። የአንጎል ግንድ፣ ሕልም ስናይ ሰውነታችን ሕልሙን እንዳይፈጽም ጡንቻዎችን ይዞ ያቆማል፤ ልጓም ማለት ነው። ዡቬ ከዚያ ግንድ ላይ ይህን ልጓም የሚይዘውን ትንሽ ቦታ ሲያጠፋው፣ ድመቶቹ ተኝተው ሳሉ ብድግ ይሉ፣ ያደቡ፣ በሌለ አይጥ ላይ ይዘሉ ጀመር። ድመት ምን እንደምታልም የጠየቃት የለም፤ እሷ ግን በአካሏ ተናገረች። በ1986 ደግሞ ካርሎስ ሼንክና ማርክ ማሃዋልድ በአሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ይኸው ልጓም የላላባቸውን ሰዎች መዘገቡ። ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው፤ በሕልማቸው ሲታገሉ አጠገባቸው የተኛችውን ሚስት ይመታሉ፣ ከአልጋ ይወረወራሉ። የዚህ ሕመም ተጠቂዎች አብዛኞቹ ከዓመታት በኋላ ፓርኪንሰን ወይም ተዛማጅ የአንጎል በሽታ እንደሚይዛቸው በኋላ ታወቀ። በሕልሙ የሚደባደብ አዛውንት አባት ያለው ሰው «ዛር ነው፣ መንፈስ ነው» ብሎ ከመተው ሐኪም ዘንድ ቢወስደው እላለሁ።

በእኛ አገር ይህን ልጓም በይበልጥ የምናውቀው በሌላ ጎኑ ነው። ዱካክ የማያውቅ ማን አለ? ሰውየው ይነቃል፤ ዓይኑ ይገለጣል፤ ጣሪያው፣ መስኮቱ፣ የተሰቀለው ጋቢ ሁሉ ይታየዋል፤ እጁን ላንሳ ቢል አይታዘዘውም፤ ልጩህ ቢል ድምፁ አይወጣም። ደረቱ ላይ የሚከብድ ነገር አለ። አንዳንዱ ጥላ ያያል፤ አንዳንዱ የሚተነፍስ ይሰማዋል። የሆነው ይህ ነው፤ አእምሮው ከሬም ወጥቷል፣ ልጓሙ ግን ለጥቂት ሰከንዶች ወይም ደቂቃዎች አልተፈታም። ፍርሃትን የሚያስተዳድረው የአንጎል ክፍልም ገና በሕልም ግለቱ ላይ ነው። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፤ አረቦች ጃሱም፤ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ አሮጊቷ ጠንቋይ መጣችብኝ ይላሉ። በዓለም ላይ ከመቶ ሰዎች ስምንቱ ያህል በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደርስባቸዋል ተብሎ ይገመታል፤ በተማሪዎች ዘንድ ቁጥሩ በጣም ከፍ ይላል። እንቅልፍ ማጣትና በጀርባ ተንጋሎ መተኛት ያባብሱታል።

ለእኛ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ጫት። ጫት መቃም ያቆመ ሰው ከሐራራው በላይ የሚያማርረው ዱካኩን ነው። ሾፌር ጎረቤታችን ለብዙ ዓመታት ከቃመ በኋላ ለመተው ቆረጠ። ቀኑን ቻለው፤ ሌሊቱን ግን አልቻለውም። ገደል ይወድቃል፤ ያሳድዱታል፤ ያንቁታል። «የለመደውን እየጠየቀህ ነው፤ ካልሰጠኸው አይለቅህም» አሉት ጓደኞቹ። ይህም ፍቺ ነው። ይህ ፍቺ ደግሞ ሰውየውን ይዞ የሚመልሰው ወደ ጫት ተራው ነው፤ እንዲያውም ስንቱን መልሷል።

ጉዳዩ በሌላ በኩልም ሊታይ ይችላል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ አነቃቂ ነገሮች ሬም እንቅልፍን ይገፋሉ። አንጎል ደግሞ የተነጠቀውን ሬም ይቅር አይልም፤ ክልከላው ሲነሳ በብዛትም በኃይልም ያስመልሳል። በ1960 ዊልያም ዴመንት የተባለው የክላይትማን ተማሪ ሰዎችን በሬም ሰዓት እየቀሰቀሰ ሕልም ሲያስከለክላቸው፣ በኋላ በነጻ ሲተኙ ከወትሮው በላይ ማለማቸውን አሳይቷል። መጠጥ ያቆመ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል። ስለዚህ ጎረቤታችን የገጠመው ዱካክ አንጎሉ ዕዳውን እየሰበሰበ ስለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የማገገም ምልክት። ይህን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝና «ታዲያ ዕዳው ማለቂያ አለው?» አለኝ። አለው አልኩት። ዛሬ አይቅምም። የእኔ ንግግር አዳነው አልልም፤ ሚስቱም፣ ጸሎቱም፣ የራሱ ብርታትም አሉበት። ቢያንስ ሌሊቱን የሚያይበት ሌላ ዓይን አገኘ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ ሕልም ትርጉም አለው?

ሲግመንድ ፍሮይድ የሕልም መጽሐፉን ያወጣው በ1899 መገባደጃ ነው፤ አሳታሚው ግን ሽፋኑ ላይ 1900 ብሎ ጻፈበት። ሁሉም ሕልም የተሸሸገ ምኞት ነው የሚለውን አልቀበለውም። አንድ ነገሩን ግን አከብርለታለሁ፤ ሕልም ያየውን ሰው ራሱን «ይህ ነገር ምን ያስታውስሃል?» ብሎ መጠየቁን። በ1977 የሃርቫርዶቹ አለን ሆብሰንና ሮበርት ማካርሊ ነገሩን ገለበጡት። በእነሱ አባባል፣ በሬም ጊዜ የአንጎል ግንድ ሥርዓት የሌለው ቅስቀሳ ወደ ላይ ይልካል፤ የፊተኛው አንጎል ደግሞ ያንን ግርግር ይዞ የሚቻለውን ያህል ታሪክ ያበጅለታል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «በቃ፣ ሕልም ከንቱ ነው» ብሎ ደመደመ። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሶልምስ ግን የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች ሲመረምር ሌላ አገኘ። ከግንባር በስተጀርባ በጥልቀት ያለው፣ ከመሻትና ከመፈለግ ስሜት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸው ሰዎች ሬማቸው ሳይቋረጥ ሕልም አጡ። ከሬም ውጭም ሕልም እንደሚታይ ታወቀ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። እኔ ሚዛኑ ወደ ሶልምስ ያጋደለ ይመስለኛል፤ ሕልም ከፍላጎታችንና ከፍርሃታችን ጋር ደም የሚጋራ ነገር ነው።

ሁለቱም ወገን የሚስማማበት አንድ ነገር አለ፤ እኔን የያዘኝም እሱ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በቤልጂየምና በአሜሪካ በሬም ላይ ያሉ ሰዎች አንጎል ፎቶ ሲነሳ፣ የስሜትና የትዝታ ክፍሎች ደምቀው ታዩ፤ የማመዛዘንና የማረም ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ክፍል ግን አርፎ ነበር። ኖርአድሬናሊን የተባለው፣ ነገርን በትዝታ ለማተም የሚያግዘው ቅመምም በዚያ ሰዓት ፈጽሞ ይጠፋል ማለት ይቻላል። የሞተችው እናት ጓዳ በር ላይ ስትቆም «እንዴት?» ብለን የማንጠይቀው በመጀመሪያው ምክንያት ነው፤ ፊት ታጥበን ሳንጨርስ ሕልሙ ከእጃችን የሚያመልጠው በሁለተኛው። ስለዚህ ማለዳ ላይ የምንናገረው ሕልም ሌሊት ያየነው ራሱ አይደለም። ቁርጥራጩን የነቃው አእምሮ ቀጥሎ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ መጀመሪያና መጨረሻ አበጅቶለት ነው። የመጀመሪያው ፈቺ ያየው ሰው ራሱ ነው። ሁለተኛው ፈቺ የሰማው ሰው ነው፤ እሱ የተናገረው ቃል ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ይገባና የሕልሙ አካል ሆኖ ይቀራል።

አባቶች ይህን የአንጎል ፎቶ ሳያነሱ ደርሰውበታል። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» እንላለን። በባቢሎን የነበሩ የአይሁድ ሊቃውንት ይህንኑ ቃል በቃል ሊባል በሚችል ደረጃ ብለውታል፤ ሕልም ሁሉ አፍን ይከተላል። ከ1,400 ዓመታት በላይ ያስቆጠረው የሕግና የትውፊት መጽሐፋቸው፣ ታልሙድ፣ ስለዚህ አንድ ታሪክ ያወራል፤ ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል። ባር ሄድያ የሚባል ሕልም ፈቺ ነበር። ለከፈለው በጎ ይፈታል፤ ላልከፈለው ክፉ። አባዬና ራባ የሚባሉ ሁለት ታላላቅ መምህራን አንድ ዓይነት ሕልም እያዩ ወደ እሱ ይሄዳሉ። አባዬ አንድ ዙዝ፣ የዚያ ዘመን የብር ሳንቲም፣ ይከፍላል፤ ራባ አይከፍልም። ሁለቱም በሕልማቸው «በሬህ በፊትህ ይታረዳል» የሚለው የመጽሐፍ ቃል ተነበበልን ሲሉት፣ ለአባዬ «ንግድህ ይሰምራል፤ ከደስታህ ብዛት ምግብ አይወርድልህም» አለው። ለራባ ደግሞ «ንግድህ ይከስራል፤ ከሐዘንህ ብዛት ምግብ አይወርድልህም» አለው። እንዲህ እንዲህ እያለ በመጨረሻ ሚስትህ ትሞታለች እስከማለት ደረሰ፤ ሞተችም። በኋላ ራባ ብቻውን ሄዶ ሲከፍለው ፍቺው ሁሉ በጎ ሆነ። አንድ ቀን ባር ሄድያ ከጀልባ ሲወርድ መጽሐፉ ወደቀ፤ ራባ አንስቶ ሲያይ «ሕልም ሁሉ አፍን ይከተላል» የሚል ተጽፎበታል። «አንተ ክፉ!» አለ ራባ። «ሁሉ በእጅህ ነበር፤ ይህን ያህል አሠቃየኸኝ። ሁሉንም ይቅር እልሃለሁ፤ የራብ ሒስዳን ልጅ ግን አልምርህም።» የራብ ሒስዳ ልጅ ማለት ሚስቱ ናት።

እዚያው ታልሙድ ውስጥ መድኃኒቱም አለ። ክፉ ሕልም አይቶ ነፍሱ የታወከች ሰው ሦስት ሰዎችን ይሰበስብና «መልካም ሕልም አይቻለሁ» ይላቸዋል፤ እነሱም «መልካም ነው፤ መልካም ይሁን፤ እግዚአብሔር መልካም ያድርገው» ይሉታል። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የእኛ እናቶች ሕልም ሲነገራቸው ገና ሳያልቅ «መልካም ያድርገው» የሚሉት ይህንኑ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድም ሥርዓት አለ። በሐዲስ እንደተላለፈው፣ በጎ ሕልም ያየ ሰው ለሚወደው ሰው ብቻ ይናገራል፤ ክፉ ያየ ደግሞ በአላህ ይጠበቃል፣ ወደ ግራው ሦስት ጊዜ እንትፍ ይላል፣ ጎኑን ለውጦ ይተኛል፣ ለማንም አይናገርም። ሦስቱም ትውፊት አፍን ይጠብቃሉ።

ዮሴፍንም እንደገና አነበብኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ የማስታውሰው ሰባቱን የከሱ ላሞች ነበር። በዘፍጥረት 40 ላይ ያለችውን ትንሽ ነገር ግን አልፌያት ኖሬያለሁ። የፈርዖን ጠጅ አሳላፊና የእንጀራ ቤቱ አለቃ በእስር ቤት ሕልም አይተው ያደሩ ቀን፣ ዮሴፍ ማለዳ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ፊታቸውን ነው። ዛሬ ስለ ምን ፊታችሁ አዘነ ብሎ ጠየቃቸው። ሕልሙ የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ዛሬ በስልካችን ላይ የሚሆነውን ሳይ እበሳጫለሁ። በየቴሌግራሙና በየዩቲዩቡ የሕልም ዝርዝር ይታደላል፤ ጥርስ ካየህ ሞት፣ ሥጋ ካየህ በሽታ፣ ሰርግ ካየህ ለቅሶ። ማን እንዳየው፣ መቼ እንዳየው፣ ልቡ ምን እንደነበረ የሚጠይቅ የለም። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ግሪካዊው አርጤሚዶሮስ እንኳ አንድ ሕልም ለባሪያና ለጌታ፣ ለሀብታምና ለድሃ አንድ ፍቺ እንደሌለው ጽፎ ነበር። ዝርዝሩስ ባልከፋ፤ ከዝርዝሩ ቀጥሎ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይመጣል።

የአክስቴ ልጅ በአንድ የአረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ትሠራለች። ጥርሶቿ አንድ በአንድ መዳፏ ላይ ሲረግፉ አየች። ስሙን ለማንሳት የማልፈልገው አንድ ሕልም ፈቺ ዘንድ በድምፅ መልእክት ላከች። ከቤተሰብሽ ሰው ይሞታል፤ እንዲመለስ ጸሎት ይያዝልሽ፤ ለዚህ ይህን ያህል ላኪ አላት። ላከች። በዚያ ሰሞን በውድቅት ሌሊት እየደወለች፣ አንድ በአንድ፣ ድምፃችንን ትሰማ ነበር፤ እናቷን፣ እኔን፣ ወንድሟን። ያልሞተ ሰው እየቆጠረች ነው። ደሞዟ የወር ድካሟ ነው፤ እሱም ሄደ፤ የቀራት ትንሽ እንቅልፍም ሄደ።

አንድ ማታ ረጋ ብዬ ጠየቅኋት። ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ሥራ የሚያልቀው እኩለ ሌሊት አልፎ ነው፤ የምትነሳው ለጸሎት ከሚነሱት ጋር ነው። ጠዋት ስትነሺስ? «መንጋጋዬን ያመኛል፤ ጆሮዬ ሥር ይጠዘጥዘኛል» አለች። በ2018 የታተመና በእስራኤል ተማሪዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት፣ ጥርስ ሲረግፍ የማየት ሕልም ከመንፈስ ጭንቀት ይልቅ ጠዋት በጥርስና በድድ አካባቢ ከሚሰማ ውጥረት ጋር ተያይዞ አግኝቶታል። የአክስቴ ልጅ ሌሊት ጥርሷን ታፋጫለች። የተኛው አንጎል ከአፏ የሚመጣውን ሕመም ሰምቶ ምስል ሰጠው፤ ፈቺው ደግሞ ለዚያ ምስል ሬሳ ጨመረበት።

ሕልሙ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላም ተመላልሶባታል፤ ፍርሃቱ አንዴ ገብቷልና። እዚህ ላይ የረዳን ከሐኪሞች የተገኘ ዘዴ ነው። ባሪ ክራኮው የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በኒው ሜክሲኮ ግዛት የመደፈር ጥቃት ደርሶባቸው ለዓመታት በቅዠት የሚሠቃዩ 168 ሴቶችን አጥንተው ውጤቱን በ2001 አሳትመዋል። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ሴቲቱ ቀን ላይ፣ ነቅታ፣ ቅዠቷን እንደ ፈቀደች ትለውጠዋለች። እንዴት እንደምትለውጠው ማንም አይነግራትም። የለወጠችውን ጽፋ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች በዓይነ ኅሊናዋ ትደጋግመዋለች። ሕክምናውን ያገኙት ሴቶች ቅዠታቸው ቀነሰ፤ እንቅልፋቸው ተሻሻለ፤ የጉዳታቸው ምልክትም ረገብ አለ። በሰሜኑ ጦርነት ያዩትን እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት የሚያዩ ወገኖቻችንን ሳስብ፣ ይህ ዘዴ በባለሙያ እጅ በየጤና ጣቢያው ቢገባ እላለሁ። ወረቀት፣ እስክርቢቶና የሚያዳምጥ የሠለጠነ ሰው ነው የሚጠይቀው።

ሮዛሊንድ ካርትራይት በቺካጎ ትዳራቸው ፈርሶ የተከዙ ሰዎችን ሕልም በተከታተለችበት ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ። የተለያቸውን ሰው በሕልማቸው ከነስሜቱ ያገኙት ከዓመት በኋላ ይበልጥ አገግመው ነበር። ሐዘን በሕልም መምጣቱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሥራ «ልትወስድሽ መጣች» ብሎ ማቋረጥ ምን ያህል እንደሚጎዳ አስቡት።

የአክስቴ ልጅ የመረጠችውን ለውጥ ስትነግረኝ ተገረምኩ። እኔ ብሆን ጥርሶቹን ወደ ቦታቸው እመልሳቸው ነበር። እሷ ግን በአዲሱ ሕልሟ ጥርሶቹን መሬት ላይ ትዘራቸዋለች፤ በቆሎ ሆነው ይበቅላሉ፤ ከእናቷ ጋር ጠብሰው ይበላሉ። ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት ይህን ታስበዋለች። የጥርሱ ሕልም ጨርሶ አልጠፋም፤ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ አሁን ግን ስትነቃ አትደውልም። ከአሠሪዎቿ ጋር ተነጋግራም በቀን አንድ ሰዓት ዕረፍት አግኝታለች፤ ለመንጋጋዋ ከሁሉ የረዳት እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ዓርብ የዕረፍት ቀናቸው ነው። አንድ ላይ የሚሰበሰቡት እህቶቻችን ሕልማቸውን ለእሷ መናገር ጀምረዋል። ባለፈው ስንነጋገር ምን እንደምትላቸው ጠየቅኋት። «ገና አፋቸውን ሲከፍቱ መልካም ያድርገው እላለሁ» አለችኝ። «ከዚያ ስንት ሰዓት ተኛሽ፣ ምን በልተሽ ተኛሽ፣ ከቤት ከደወሉልሽ ስንት ቀን ሆነሽ ብዬ እጠይቃለሁ። ሲመልሱልኝ ብዙዎቹ ሕልሙን ራሳቸው ይፈቱታል።»